አቧራው የተቃጠለበት ከፍታ

ጡረታ የወጣሁት የፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን አንድም አዲስ ተማሪ ባላገኘበት ዓመት ነው። ሊሸኙኝ ካሰቡት ባልደረቦቼ ግማሾቹ መንገድ ተዘግቶባቸው አልመጡም። የመጡትም ሳይመሽ ቤታቸው ለመግባት ይቸኩሉ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አጭር ንግግር አደረገ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ የቢሮዬን ቁልፍ አስረከብሁ። በእኔ ቦታ የተተካ ሰው የለም። ቢሮው እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው ይባላል።

አሁን የምኖረው ወረታ ነው፤ ወላጆቻችን በተዉልን ቦታ ላይ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያው ብዙም በማይርቅ ቤት። የጡረታ ወረቀቱ ብዙ አመላልሶኛል፤ ገንዘቡም ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አላወራም። ሰፈር ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ አስተማሪ ነበርሁ እላለሁ። እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። የሥራ ዘመኔ አብዛኛው ያለቀው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። በጣም ሩቅ ያሉ አንዳንድ ጋላክሲዎች መካከላቸው ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አላቸው፤ ብርሃን እንኳ ከገባ የማይወጣበት። ጋዝ ወደዚያ ሲወድቅ በቀጥታ አይገባም። እየተሽከረከረ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፣ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፣ ከመጋሉ የተነሣም የጋላክሲው ከዋክብት ሁሉ ተደምረው ከሚሰጡት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። በዚያ አካባቢ የጋዝ ደመናዎች አሉ። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ብርሃኑ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ደመናዎቹ በመጨረሻ የት ይደርሳሉ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሰዎች ከእኔ የበለጠ ከፍለዋል፤ አስተማሪዬ ዶክተር ገሠሠና ተማሪዬ ሰናይት። ይህን የምጽፈውም ስለእነሱ ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ሐሙሲት ነበር። ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሴት የፊዚክስ መምህርት ግን አይቶ ስለማያውቅ ባዮሎጂ ይሻልሽ እንደሆነ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አይሻለኝም አልሁት። ቤተ ሙከራው የተሰባበረ ዴስክ መጣያ ሆኖ ነበር፤ ከተማሪዎቼ ጋር አጸዳነው። ብርሃንን የማስተምረው በመስታወት ቁራጭና ውኃ በሞላ ሳፋ ነበር። ከዚያ ወደ ወረታ ተዛወርሁ። ክረምት ወጥቶም በከተማው ዙሪያ ሜዳው ላይ ያለው ውኃ ቶሎ አይሸሽም፤ ወንዞቹ ርብና ጉማራ በሞሉ ዓመት ከሜዳው የሚመጡት ልጆች ለሳምንታት ይቀራሉ፤ ሲመጡ ትምህርቱን ከመጀመሪያው እጀምርላቸዋለሁ። በዚያ ኑሮ ደስተኛ ነበርሁ። አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ሲመጣ እንኳ ልቤ አመንትቶ ነው የሄድሁት።

ዶክተር ገሠሠን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት ውጭ ኖረው፣ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ኖረው፣ አነጋገራቸው አንዲት ቃል አልተለወጠም። የመጀመሪያው ቀን በኮምፒዩተር የሠራሁትን ወረቀት ይዤ ገባሁ። አላዩትም። ጠመኔ ሰጡኝና ደመና ሳይ አሉኝ። ክብ ሳልሁ። የሚስበውን ቀስት ወደ ውስጥ፣ የሚገፋውን ወደ ውጭ አደረግሁ።

«ይህ ደመና ምን ያህል ወፍራም ነው?» አሉኝ።

አላውቅም አልሁ።

«እንግዲያው ወዴት እንደሚሄድ አታውቂም።»

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ብርሃን የሚመታው የደመናውን ፊት ነው። ከፊቱ ኋላ ያለው ጋዝ ብርሃኑ ሳይደርሰው የሚጎተት ጭነት ነው። ስስ ደመና ጭነቱ ትንሽ ስለሆነ ተገፍቶ ይሄዳል፤ ወፍራም ደመና በዚያው ብርሃን ፊት ቆሞ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቅርብ ሆነ ሩቅ፣ ሁለቱም ኃይሎች በርቀቱ እኩል ስለሚቀንሱ፣ የሚለየው ውፍረቱ ነው። ሰዎች የጥቁሩን ጉድጓድ ክብደት የሚገምቱትም በዙሪያው ባሉት ደመናዎች ፍጥነት ስለሆነ፣ ብርሃኑ የሚያቀልላቸውን ያህል ያላሰበ ሰው ጉድጓዱን ከእውነቱ ያነሰ አድርጎ ይመዝነዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በአንድ ጠመኔ ነው። ስወጣ ይዤው የመጣሁትን ወረቀት ረስቼው ወጣሁ፤ ተመልሼም አልወሰድሁትም።

አብሬያቸው ስሠራ ልማዳቸውን አወቅሁ። ማንኛውም ስሌት ለኮምፒዩተር ከመሰጠቱ በፊት የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በእጅ መሠራት አለባቸው። ኮምፒዩተሩ የሚነግርሽን አስቀድመሽ ካልጠረጠርሽ ይዋሽሻል ይሉ ነበር። ጥቁር ሰሌዳቸውን ሌላ ሰው እንዲያጠፋላቸው አይፈልጉም። ቢሮ የሚያጸዱትን ሴትዮ እርስዎ እያሉ ነው የሚያነጋግሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ደስ ያላቸውን ውጤት መሳቢያ ውስጥ መቆለፋቸው ነው። ያልጠበቁት ወይም ያናደዳቸው ውጤት ከሆነ ያን ዕለት ይመረምሩታል። ደስ ካላቸው ግን ቆልፈው ይሰነብታሉ፤ በኋላ ያወጡትና የሚጠሉት ሰው እንደጻፈው አድርገው ስሕተት ይፈልጉበታል። አንዳንዴ ያገኛሉ። ያኔ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አለቅስ ነበር።

ዲግሪዬን ጨርሼ ለዶክትሬት እዚያው ተቋም ውስጥ ከእሳቸው ጋር ቆየሁ። ሥራው የደመናን መንገድ በትንሽ በትንሹ መከተል ነው። ደመናው አሁን የት ነው፣ ምን ይስበዋል፣ ምን ይገፋዋል፣ ጥቂት ቆይቶ የት ይሆናል፤ እንደገና ከዚያ። እርምጃው ከረዘመ ደመናው ያልነበረበት ቦታ ዘሎ ይገኛል፤ ካጠረ ስሌቱ አያልቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከነስሌቱ ይጠፋል። ዶክተር ፕሮግራሙን የደረሰበትን እየመዘገበ እንዲሄድ አድርገው ስለጻፉት መብራት ሲመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

በበዓል አገሬ ስመጣ ወንድሜ አያልነህ ይጠይቀኛል። ገበሬ ነው፤ ሩዝ ያመርታል። አንድ ጊዜ ማሳው ዳር ተቀምጠን ሥራዬን ነገርሁት።

«እታለም፣ ብርሃን ይገፋል?» አለኝ።

ይገፋል አልሁት፤ እዚህ ትንሽ ስለሆነ አይሰማንም እንጂ። ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል አንድ ቀንም ገፍታው እንደማታውቅ ነገረኝ። ሳቅን። ቆየት ብሎ ግን ደመናው ሄዶ ሄዶ የት እንደሚደርስ ጠየቀኝ፤ እሱን ነው የምፈልገው አልሁት።

የምንፈልገውን መልስ ያገኘን የመሰለን በአቧራው በኩል ነው። ጋዝ ብቻውን ብርሃን ብዙ አይዝም። በውስጡ ደቃቅ አቧራ ሲኖር ግን አቧራው ብርሃኑን በደንብ ይቀበላል፤ ሲገፋም ጋዙን ይዞት ይሄዳል። ከጉድጓዱ ራቅ ባለው የሰፌዱ ክፍል አቧራ ሳይቃጠል መኖር ይችላል። እኛ ያን አቧራማ ጋዝ ከሰፌዱ ላይ አስነሣነው። ደመናዎቹ ተነሡ፣ ፈጠኑ፣ ወደ ውጭ ሄዱ፤ አልተመለሱም። እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ጋላክሲው ገና ከዋክብት የሚሠራበትን ጋዝ መካከሉ ላይ ያለው ብርሃን እየጠረገ ያወጣዋል ማለት ነው። ዶክተር ውጤቱን አይተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት።

በዚያ ሰሞን ተቋሙ አዲስ ኃላፊ መጥቶለት ነበር። ያላሳተመ ክፍል ከሌላ ጋር ይቀላቀላል ተብሏል። ኃላፊው ዶክተርን ይጠራቸው ጀመር፤ አንድ ቀን ራሱ መጣ። እኔ ቢሮው ውስጥ ነበርሁ። ግምገማው በዚህ ሳምንት እንደሚያልቅ፣ ጽሑፉ ካልተላከ የተማሪዎቹ ቦታ ለሌላ ክፍል እንደሚሰጥ ተናገረ። ተማሪዎቹ ሲል ወደ እኔ አየ።

«ገና አላየሁትም» አሉ ዶክተር።

«ሠርተውታል አይደል?»

«ሠርቸዋለሁ። አላየሁትም።»

«ሌላ ሰው ያየዋል፤ ገምጋሚ ያለው ለዚያ ነው» አለ ኃላፊው።

ዶክተር ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ገላገሉኝ ነበር ያልሁት።

ጽሑፉ ታተመ። ገምጋሚዎቹም ምንም አላሉም። ዶክተር የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ፤ እኔ ዶክትሬቴን አገኘሁ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች በእኛ ውጤት ላይ ተመሥርተው መሥራት ጀመሩ። እኔ ወደ ክልላችን ተመልሼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ብዙ ዓመት አስተማርሁ። እነዚያ ዓመታት መልካም ነበሩ፤ መልካም ስለነበሩ ብዙ የሚነገር የላቸውም።

ሰናይት የመጣችው እኔ ለጡረታ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ ነው። የይፋግ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞቶ እናቷ ገበያ ሽንኩርት እየሸጡ እሷንና ሁለት ታናናሽ እኅቶቿን አሳድገዋል። ክፍል ውስጥ ብዙ አትናገርም። ስትጠይቅ ግን ጥያቄዋ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ካልተመለሰላት አትነሣም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ቀላል የመሰለኝን ሥራ ሰጠኋት፤ የእኛኑ አሮጌ ፕሮግራም ወስዳ ደመናዎቹን ወፈር እያደረገች መንገዳቸውን እንድታይ።

ጥቂት ሳምንት ቆይታ መጣች። ወፍራሞቹ ይቅሩና ስሶቹ ራሳቸው ትክክል አይመስሉኝም አለች። ምን ሆነው ብላት፣ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የአቧራውን ሙቀት እንዲያሳያት አድርጋ እንደነበር ነገረችኝ። ያን እንድታደርግ ማንም አላዘዛትም።

«መምህርት፣ አቧራው መቃጠል ነበረበት» አለችኝ።

አብረን አየነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የአቧራውን ክፍል ዶክተር ከእኔ በፊት የጻፉት ነው። አቧራው ይቃጠል አይቃጠል ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን ደመናው ከሰፌዱ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ ታች ጥላ አለ፤ የመካከሉ ብርሃን በቀጥታ አይደርስም፤ አቧራው ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ዳግመኛ አይጠይቅም። ደመናው ከፍ ብሎ ከጥላው ሲወጣና የመካከሉ ብርሃን ፊት ለፊት ሲያገኘው አቧራው በኖ መጥፋት ነበረበት። የእኛ ደመናዎች ሊኖራቸው በማይችል አቧራ ነበር የሄዱት።

ያን ቀን ሙሉ የሚያድነን ነገር ፈለግሁ። ምናልባት ጥላው ከፍ ይል ይሆን፣ ምናልባት አቧራው ቶሎ አይግል ይሆን እያልሁ። አልተገኘም። ሰናይት ፕሮግራሙን አርማ እንደገና ስታስኬደው ደመናዎቹ ተነሡ፣ ትንሽ ከፍ አሉ፣ አቧራቸው ተቃጠለ፣ የሚገፋቸው አጡና ተመልሰው ሰፌዱ ላይ ወደቁ። ከጥቂቶች በቀር የወጣ የለም።

ለዶክተር ስልክ ደወልሁ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ልጅቷ ማን ናት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «እመጣለሁ።»

ሁሉንም በኢንተርኔት እንልክልዎታለን ብል በዓይኔ ነው የማየው አሉ። ያን ጊዜ የስኳር በሽታው ጠንቶባቸው ነበር፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ መጡ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ሰሌዳው ፊት ቆመው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በእጅ ሠሩ። ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም። በማግስቱም መጥተው ሌላ ደመና ሠሩ። ሲጨርሱ ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ ሰናይት ዞሩ።

«ልክ ነሽ» አሏት። «ይህን ክፍል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ መምህርትሽ አልነካችውም። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ።»

ሰናይት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። እኔ ዶክተርን ብቻቸውን ሳገኛቸው ሐሳብ አቀረብሁ። አዲሱን ውጤት እናሳትመው፤ አሮጌው ቀስ እያለ ይረሳል፤ የግድ ሰርዙት ብለን መጻፍ የለብንም አልኋቸው። ስለ እሳቸው ነበር የፈራሁት።

«በእሱ ላይ የሚሠሩ ልጆች አሉ» አሉኝ። «ማንም ሳይነግራቸው ዓመታቸው ይለቅ? የማላውቃቸው ስለሆኑ ነው?»

አዲስ አበባ እንደተመለሱ ለመጽሔቱ ጽፈው ጽሑፉን አሰረዙት። ምክንያቱንም ስሕተቱ የእኔ ነው ብለው በግልጽ አስቀመጡ። ከዚያ የሆነው ፈጥኖ ሆነ። ያ የተቋሙ ኃላፊ፣ እስከዚያ ሹመቱ ከፍ ብሎ ነበር፣ ዶክተር ተቋሙን አሳፍረዋል ብሎ ስብሰባ ላይ ተናገረ። ከክፍሉ ኃላፊነት አነሷቸው፤ ተማሪዎቻቸውን ለሌሎች አከፋፈሉ። ያጣደፋቸው እሱ መሆኑን የተናገረ ማንም የለም። ሄጄ ልመስክር አልኋቸው፤ ከለከሉኝ።

«መሳቢያውን የከፈትሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ጡረታ ወጥተው ደብረ ታቦር ገቡ። በኋላ እግራቸው ተቆረጠ። እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር፤ የሚያወሩት ስለ ሰናይት ሥራ ነው። ከወደቁት ደመናዎች መካከል አንዳንዶቹ እየተነሡ ካሉት ጋር ይጋጫሉ፤ ያን አስባበታለች ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አስባበታለች እላቸዋለሁ፤ ይነቀንቃሉ። አዲሱን ጽሑፍ እያዘጋጀን ሳለ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ጎረቤቶቻቸውና የደብሩ ካህናት ሞልተው ነበር። ከተቋሙ የመጣ አልነበረም። ባለቤታቸው፣ ለቅሶ ያደከማቸው ሴትዮ፣ እጄን ይዘው የሥራ ጓደኞቹ የት አሉ ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ሰሞን መንገድ አልፎ አልፎ ይዘጋ ስለነበር መንገዱ ነው አልኋቸው። መንገዱ ግን ያን ቀን ክፍት ነበር።

ጽሑፉን ላክነው። የሰናይት ስም መጀመሪያ፣ ከዚያ የእኔ፣ መጨረሻ ላይ የዶክተር። ገምጋሚዎቹ ደግ ነገር ተናገሩ፤ አንድ ተጨማሪ ስሌት ብቻ ጠይቀው ቀነ ገደብ ሰጡን። በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ሰናይትን ለዶክትሬት ተቀበላት። እናቷ ከይፋግ ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ልጅዎ ናት አልኋቸው። እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ ምን ልብስ ያስፈልጋታል ብለው ብዙ ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኋቸው።

ተጨማሪው ስሌት እየሄደ ሳለ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ ከእኔ ይበልጥ የደረሰባቸው አሉ። የእኔን ታሪክ የሚመለከተው ይህ ነው፤ ኢንተርኔት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በተነ፣ እኔም ወረታ ቤቴ ገባሁ። ስሌቱ ያለበት ኮምፒዩተር ከተቆለፈው ግቢ ውስጥ ቀረ። ሰናይት ይፋግ ከእናቷ ጋር ነበረች። ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጎንደር ልትሄድ ተነሥታ ከኬላ መለሷት። ሌላ ቀን ሞከረች፤ ያን ቀን ተኩስ ስለነበር ከሌሎች መንገደኞች ጋር ሰው ቤት ተደብቃ ውላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እናቷ እንዳትሄድ አስማሏት።

እናቷ የታመሙት በዚያ ጊዜ ነው። ሆዳቸውን ነበር። ጤና ጣቢያው ባሕር ዳር ውሰዷቸው አለ፤ የሚወስድ መኪና አልነበረም። ሰናይትና ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ወረታ አደረሷቸው። ወረታ ላይ አንድ ባለ መኪና ነገ ጠዋት ከተከፈተ እሄዳለሁ አላቸው፤ ሌሊቱን እኔ ቤት አደሩ። ጠዋት መንገዱ አልተከፈተም። እናቷ እዚያው እኔ ቤት ነው ሕይወታቸው ያለፈው፤ ሰናይት አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እኔ ውኃ ሳሞቅ። ወጥቼ ሳይ ሰናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። እኅቶቼን ምን ብዬ ልንገራቸው ብቻ አለችኝ።

ኔትወርክ ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት አንድ ላይ ገባ። የመጽሔቱ ማስታወሻ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማስታወሻ፣ ከዚያ ጽሑፋችሁን እንደተዋችሁት ቆጥረን ዘግተነዋል የሚል። የውጭ አገሩ ዩኒቨርሲቲ ለሰናይት ብዙ ጊዜ ጽፎላት ነበር፤ በመጨረሻ ቦታዋን ለሌላ ሰጥቷል። ሁሉም ትሕትና ያለው ነበር። ማንንም ልቆጣ አልቻልሁም። ጽፌ አስረዳሁ፤ አዝነናል አሉኝ፤ እንደ አዲስ ላኩት አሉኝ። ለመላክ ስዘጋጅ ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ያንኑ ነገር አሳትመው አገኘሁ። የእኛን አላዩም፤ ሊያዩም አይችሉም ነበር። በራሳቸው መንገድ መጥተው እዚያው ደረሱ።

ሰናይት በዚያ ጊዜ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሥራ ይዛ ነበር። ገበሬው ያመጣውን ትቀበላለች፣ የተፈለፈለውን ትመዝናለች። እኅቶቿን ወደ እዚህ አምጥታ ቤት ተከራይታ ታስተምራቸዋለች። ልነግራት ሄድሁ። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ወደ ደጅ ወጣች፤ አፏን የሸፈነችበትን ሻሽ ዝቅ አድርጋ ጉልበት ሳመችኝ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ነገርኋት።

ዓይኗን ከጣቷ ላይ አላነሣችም።

«አቧራው ስንት ከፍታ ላይ ነው የተቃጠለላቸው?» አለችኝ።

ነገርኋት። አቧራው የተቃጠለው እሷ ባገኘችው ከፍታ ላይ ነው። የሚወጡትም እሷ እንዳለችው በጣም ጥቂት ናቸው።

«የዶክተርን ጽሑፍ ጠቅሰውታል?»

«ጠቅሰውታል። የተሰረዘ ነው ብለው።»

«ለምን እንደተሰረዘስ?»

«እሱን አልጻፉም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከውስጥ አንድ ሰው ሰናይት ብሎ ተጣራ፤ መጣሁ አለች፤ አልተነሣችም።

እኔ ሳስብበት የመጣሁትን ተናገርሁ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ምስክርነት እጽፍልሻለሁ፤ ዕድሜሽ ገና ነው፤ እኅቶችሽን እኔ ቤት አድርገሽ መሄድ ትችያለሽ አልኋት። ከልቤ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አለች።

ተናገሪ አልኋት።

«ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ አይንገሩኝ። ከሰማሁ በኋላ ሌላ ማሰብ አልችልም። ይዞኝ ይሰነብታል። ሥራዬ ሚዛን ላይ ነው፤ የሰው እህል ስመዝን እሳሳታለሁ።»

ተቆጥታ እንደሆነ ብዬ አየኋት፤ አልተቆጣችም። ታናሿን ስትመክር የምትናገርበት ድምፅ ነበር። እሺ አልኋት። ተነሥታ ሻሿን አፏ ላይ መልሳ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆየሁ። ገበሬዎች ጆንያ ሲያወርዱ፣ አንድ ባጃጅ ሰው ፍለጋ ሲጮህ አየሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እንገናኛለን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከእኅቶቿ ጋር እየመጣች እኔ ቤት ትበላለች። ታናሽዬዋን ሒሳብ አስጠናታለሁ። የእናታቸውን ተዝካር አብረን አውጥተናል። ስለ ደመናዎቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በዚህ ክረምት አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አየሁ። በቴሌስኮፕ የሚመለከቱ ሰዎች ከአንድ ሩቅ ጋላክሲ መካከል የሚመጣውን ብርሃን ሲያጠኑ ከሰፌዱ የሚነሣና ተመልሶ የሚወድቅ ጋዝ ያዩ ይመስላቸዋል። ገና ነው፤ እርግጠኞች አይደሉም፤ እሱንም ጽፈዋል። ኔትወርኩ ደኅና የነበረው መንገድ ዳር ስለሆነ እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሰናይት በስሌት ያየችውን ሰው በዓይኑ ሊያይ ነው። ዶክተር በሕይወት ቢኖሩ ደብረ ታቦር ድረስ ያን ዕለት እሄድ ነበር።

ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በመፈልፈያው በር ነው። ስደርስ ሰናይት ጆንያ ልታስነሣ ወጥታ አገኘችኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እንዴት ዋሉ አለችኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኋት። ፊቴ ላይ አንድ ነገር ሳታይ አልቀረችም፤ ትንሽ ጠበቀችኝ።

«ርብ ሞልቷል አሉ» አለችኝ በኋላ።

«ሞልቷል» አልኋት። «አያልነህ ውኃው ማሳዬ ዳር ደርሷል ብሎኛል።»

ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን፤ ሥራ ጠብቋት ነበርና ተመልሳ ገባች።